ሚዩዚካል ላይ ድራም እንድትመታ ከተጠራህ

እዚ አሜሪካ ድራም የምትመቱ ልጆች ይሄ ጥሪ አንድ ቀን አይቀርላችሁም። የሰፈሩ ሃይስኩል በስፕሪንግ ሚዩዚካል ያሳያል፣ ልጆቹ ይዘፍናሉ ይደንሳሉ፣ ትራምፔትና ክላሪኔት የሚነፋ ተማሪ ሞልቷል፣ ሙሉ ሾው በድራም ይዞ የሚወጣ ግን ይጠፋል፣ ከዛ አንዱ ወላጅ "ቸርች የሚመታ አበሻ ልጅ አውቃለሁ" ይላል። ወይ ደሞ ኮሚኒቲ ቲያትር ነው፣ ሰዉ ቀን ስራው ውሎ ማታ ማታ የሚለማመድበት። ኦኬ ትላለህ፣ ትንሽ ቆይቶ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ የድራም ኖታ በኢሜይል ይመጣል፣ ላቡ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው። ይሄን የምጽፈው ለዛ ሰው ነው፣ ቸርች ወይ ክለብ ወይ ሰርግ ላይ እጁን ላፍታታ፣ ቲያትር ግን ገብቶበት ለማያውቅ። (አንተ እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፣ ሴት ድራመሮች አትቀየሙኝ።)

መጀመሪያ ልዩነቱ ይግባህ። ሰርግ ላይ ዘፋኙ አዝማቹን አንዴ ልድገም ካለ ዞር ብሎ ያይሃል፣ ትደግማለህ፣ ሰዉ ከጨፈረ እስኪነጋ ትቀጥላለህ፣ ማንም አይጎዳም። ሚዩዚካል ላይ አንዲት ባር (ኖታው የሚከፋፈልባት አንዲት የቆጠራ ዙር) ካስረዘምክ ግን መብራቱ፣ መጋረጃው፣ ከላይ የሚወርደው ግድግዳ፣ ሃያ ዳንሰኛ፣ ሁሉም ይዛነፋል። ደሞ ተዋናይዋ ንግግሯ ከጠፋባት፣ በሩ አልከፈት ካለ፣ ተመልካቹ ሳቁን አላቆም ካለ፣ ያኔ ሙዚቃው ነው የሚጠብቃቸው። ስለዚ ስራው ግማሹ መምታት ነው፣ ግማሹ ደሞ ተዘጋጅቶ መጠበቅ። ቸርች የምትመታ ከሆነ ይሄ አዲስ አይሆንብህም፣ ፓስተሩ ሲጸልይ ከኋላ ሲምባሉን ቀስ እያደረግክ ስትይዝ መቼ "አሜን" እንደሚል አታውቅም አይደል? ነገሩ እሱ ነው፣ እዚህ ግን በኖታ ተጽፎ ነው የሚመጣው።

ኖታው የደረሰህ ቀን ድራሙ ላይ አትቀመጥ። ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥ፣ እርሳስና ላጲስ ያዝ። እስክሪብቶ በፍጹም፣ ምክንያቱም መጽሐፉ የኪራይ ነው፣ ሚዩዚክ ቲያትር ኢንተርናሽናል ወይ ኮንኮርድ የመሳሰሉ የሾው መብት የያዙ ድርጅቶች ናቸው ለትምህርት ቤቱ የሚያከራዩት፣ በወረቀት ልከው መልሱ ካሉ ሾው ሲያልቅ የጻፍከው ሁሉ በላጲስ ጠፍቶ ነው የሚመለሰው፣ ካልሆነ ትምህርት ቤቱን ያስከፍሉታል። ከዛ የሾውን ካስት አልበም (ተዋናዮቹ ዘፈኖቹን ስቱዲዮ የቀዱበትን) ክፈትና ኖታውን በጣትህ እየተከተልክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስማው፣ ስሜቱ እንዲገባህ። ግን አልበሙን አትሸምድድ! ለስቱዲዮ ሲቀዳ ዘፈኖች ያጥራሉ፣ ከንግግር ስር የሚሄደው ሙዚቃ ይወጣል፣ ቴምፖው (ፍጥነቱ) ይለያል፣ የሚከራየው ኖታ ደሞ አንዳንዴ ለትንሽ ባንድ ተብሎ እንደገና የተጻፈ ነው። አልበም ሸምድዶ የመጣ ድራመር ወዲያው ያስታውቃል፣ ማንም በሌለበት ቦታ ትልቅ ፊል (ምቱን ለቀቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያስገባ የድራም ጨዋታ) ይሰራል።

ሚዩዚክ ዳይሬክተሩን (ኤምዲ ነው የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ኮንዳክት የሚያደርገውም እሱ ነው፣ ትናንሽ ሾው ላይ ኪቦርድ እየተጫወተ በጭንቅላቱ ይመራል) ቶሎ ሁለት ነገር ጠይቀው፣ የተቆረጡ ባሮች ዝርዝርና የየዘፈኑ ቴምፖ። ከቻልክ ተዋናዮቹ በፒያኖ ሲለማመዱ በስልክ የተቀዳ ነገር ካለ እሱንም። የስልኩ ቅጂ ከአልበሙ በጣም ይበልጥብሃል፣ እውነተኛው ቴምፖ እሱ ነውና።

ኖታ ማንበብ አልችልም ለሚል ሰው እውነቱን ልንገረው፣ ትንሽ ማንበብ የግድ ነው፣ በጆሮ ብቻ ሙሉ ሾው ማውጣት ይቻላል የሚል ካለ ቫምፕ (ስንቴ እንደሚዞር የማይታወቅ ድግግሞሽ፣ እመጣበታለሁ) ላይ አይቼው ልሳቅ። ግን የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። የድራም መጽሐፍ አብዛኛው ሰረዝ ሰረዝ ነው፣ "እዚህ ስምንት ባር ስዊንግ ምታ" የሚል አይነት፣ ከላዩ ላይ ደሞ ነፋሾቹ የሚመቷቸው ቦታዎች በትንንሽ ኖታ ይጻፋሉ፣ እነሱን አብረህ ታጎላለህ። ስለዚ ቅድሚያ ስጥ ለቆጠራ፣ ለድግግሞሽ ምልክቶች፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮዳ (የዘፈኑ መዝጊያ) ላይ ለመዝለል፣ ስምንተኛና አስራ ስድስተኛ ኖታ ከነረፍቱ ለማንበብ። የስኔር ሮል ምናምን በኋላ ይደርሳል።

አሁን ዋናው ቦታ፣ ቫምፕ። ቫምፕ ማለት አንድ ወይ ሁለት ወይ አራት ባር፣ ኤምዲው በቃ እስኪልህ ድረስ እየዞረ የሚደገም ነው፣ ከላዩ ላይ ተዋናዮቹ ያወራሉ። አንድ ማታ ሁለቴ ይዞራል፣ በማግስቱ ሰባት ጊዜ። እዚህ ጋ ነው ጎበዝ ድራመር የሚለየው። አንደኛ፣ ቫምፕ ላይ አታስጊጥ፣ ያው ምት፣ ያው ድምጽ፣ ፊል የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያቱም አንተ ፊል ከሰራህ ባንዱ በሙሉ "እየወጣን ነው" ብሎ ያስባል፣ ግማሹ ይወጣል ግማሹ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ግርግር እግዜር ይወቀው። ሁለተኛ፣ መውጫው የት ጋ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፣ አንዳንዱ ቫምፕ በየትኛውም ባር ላይ ይወጣል፣ አንዳንዱ አራቱን ባር ጨርሶ ብቻ፣ ኖታው ላይ ግልጽ ካልሆነ በእርሳስ ጻፈው። ሦስተኛ፣ ከቫምፑ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ባር በቃልህ ያዘው፣ ያን ሰዓት ዓይንህ ኤምዲው ላይ እንጂ ወረቀት ላይ አይሆንማ። ኤምዲው ብዙ ጊዜ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ "ይሄ የመጨረሻው ዙር ነው" ይላል፣ ሌላው ጣት ያሳያል፣ ሌላው ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። የሱን ምልክት በመጀመሪያው ልምምድ እወቅ፣ ካልገባህ ጠይቅ፣ ማንም አይስቅብህም።

ሴፍቲ የሚል ካየህ ደሞ የቫምፕ ታናሽ ወንድም በለው፣ ካስፈለገ ብቻ የሚደገም፣ ተዋናዩ በሰዓቱ ከደረሰ ትዘለዋለህ። ሴግዌ ካለ ዘፈኑ ሲያልቅ ጭብጨባ ሳትጠብቅ ቀጥታ ወደሚቀጥለው፣ ገጹ አስቀድሞ መገለጥ አለበት። ታሴት ካለ አንተ የለህበትም፣ ግን ስልክህን እንዳታወጣ፣ ብርሃኑ ፎቅ ላይ እስከተቀመጠው ተመልካች ድረስ ይታያል። ኮላ ቮቼ ካለ ቆጠራ የለም፣ ዘፋኙ እንደፈለገው ይሄዳል ኮንዳክተሩ ይከተለዋል አንተ ኮንዳክተሩን፣ እንደዚህ ቦታ ላይ ድራመር አንዲት የሲምባል ሮል ወይ አንዲት ትራያንግል ነው የሚኖረው፣ እሷን ቀድመህ ከመታህ ግን ለቅሶው ትዕይንት ላይ ሰዉ ይስቃል። ሁለት ዘመም ያሉ ጭረቶች ካየህ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ሲምባሉን በእጅህ ያዝ፣ ሲንሳፈፍ እንዳይቀር። እንደዚህ አይነት ቦታ ሁሉ ላይ መነጽር ሳልበት። አዎ መነጽር፣ ሁለት ክብና መሃሉ ላይ ድልድይ፣ የፒት (መድረኩ ስር ባንዱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ) ሙዚቀኛ ሁሉ የሚጠቀምበት ምልክት ነው፣ "ቀና በል እይ" ማለት ነው። መጽሐፌን ብታይ የመነጽር ሱቅ ነው የሚመስለው።

ረጅም ረፍት ስታገኝ፣ ሠላሳ አራት ባር ምናምን፣ በጣት መቁጠር ያዋርድሃል፣ ሃሳብህ አንዴ ከሄደ አለቀ። ልምምድ ላይ ከመግባትህ ሁለት ባር በፊት የሚዘፈነውን ቃል ወይ ትሮምቦኑ የሚነፋውን ነገር እዛ ላይ ጻፍ። ቆጠራው ቢጠፋብህም ቃሉን ስትሰማ ትመለሳለህ።

ቴምፖ ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠመዛዛል። ቴምፖውን የሚሰጠው ኤምዲው ነው፣ የምትይዘው ግን አንተ ነህ። አንዴ ከሰጠህ በኋላ ዳንሰኞቹ እግራቸውን ያሳረፉት ያንተ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) እና ሃይሃት ላይ ነው፣ ኤምዲው ራሱ ተደላድሎ ዘፋኝ የሚያስገባው አንተ ስለማትንቀሳቀስ ነው። ኤምዲው መሃል ላይ ከለወጠ ግን አትከራከር፣ "እኔ ነኝ ልክ" የሚባል ነገር እዚህ የለም፣ ምናልባት አንተ የማታየውን ነገር አይቶ ነው፣ ዳንሰኛ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ኦፕኒንግ ናይት ላይ ሁሉም ሰው ደሙ ይፈላል፣ ባንዱ ይሮጣል፣ ኤምዲውም ይሮጣል፣ ኮሪዮግራፈሯ በኢንተርሚሽን ፊቷ ቀልቶ ትመጣለች። ለዛ ብለህ የየዘፈኑን ቢፒኤም (በደቂቃ ስንት ምት) በገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፈው፣ ድምጽ የሌለው መብራት ብቻ የሚያበራ ሜትሮኖም ከጎንህ አድርግ፣ ከመጀመሩ በፊት አንዴ እየው አጥፋው።

የዘፈን መጨረሻ ላይ ያለችው የመጨረሻ ምት በተን ትባላለች። ሁሉም ባንድ ላይ ይመታል፣ መብራቱ ይቀየራል፣ ተዋናዩ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ ጭብጨባ። ከሷ በፊት ያለችውን አጭር ፊል የምትሰራው አንተ ስለሆንክ ሁሉም የሚገባው ባንተ ነው። ስለዚ አጭርና ግልጽ ትሁን፣ በየማታው አንድ አይነት። ጃዝ ክለብ ላይ ብትሆን በየቀኑ መለወጥህ ጥበብ ነው፣ እዚህ ግን የመብራት ባለሙያዋን ታሳብዳታለህ። ሰው ሲወድቅ፣ በጥፊ ሲመታ፣ ባርኔጣው ሲበር የምትመታት ምትም አለች፣ እሷን ከኖታ ሳይሆን ከሰውየው ሰውነት ነው የምትወስዳት፣ ከፒት ውስጥ መድረኩ ካልታየህ ሞኒተር እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። ባንዱ ከመድረክ ኋላ ወይ ጭራሽ ሌላ ክፍል የሚቀመጥበት ቲያትር ብዙ ነው፣ ያኔ አንተ ኮንዳክተሩን በስክሪን ነው የምታየው፣ እሱ ዘፋኞቹን በሌላ ስክሪን።

ድምጽ! እዚህ ላይ ልቆይ፣ ድራመር ከስራ የሚቀረው በብዛት በዚህ ነው። ተመልካቹ ቲኬት የገዛው ቃሉን ሊሰማ ነው። ቀልዱ ካልተሰማ ቀልድ የለም። ሃይስኩል ላይ ደሞ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ናት የምትዘፍነው፣ ማይኳ ርካሽ ነው፣ ፒቱ እግሯ ስር ነው። አበሻ ድራመሮች (እራሴንም ጨምሮ) ያደግነው ኪቦርዱና ማይኩ እስኪጮህ በሚከፈትበት ቤት ስለሆነ ቀስ ብሎ መምታት ማለት ቀስ ብሎ መሄድ ይመስለናል፣ ቴምፖው አብሮ ይወርዳል ወይ ጉልበቱ ይሞታል። መፍትሄው እስቲኩን ከቆዳው ብዙ አለማንሳት ነው፣ ሦስት አራት ጣት ከፍታ ብቻ፣ በዛ ከፍታ ላይ ሙሉ ሮክ ምት ከነኃይሉ እስኪወጣ ድረስ ቤትህ ተለማመድ። ቀጫጭን እስቲክ፣ ብረሽ፣ የተጠቀለሉ ቀጫጭን እንጨቶች ያሉት ሮድ፣ ሦስቱንም ይዘህ ሂድ። ኪኩ ትንሽ ይሁን፣ 18 ወይ 20 ኢንች፣ ውስጡ ብርድልብስ። ሲምባሎቹ ቀጫጭንና ቶሎ የሚሞቱ። ስኔሩ ላይ ፎጣ ጣል አድርገህ መምታት የሚያሳፍር አይደለም። ዙሪያህን ፕላስቲክ መከለያ ከሰሩልህ ተቀበል፣ አትኮሳተር፣ ግን ያኔ ሲምባሉ ወዳንተው ስለሚመለስ ጆሮህን ጠብቅ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ መንግስት የስራ ደህንነት ጥናት ተቋም የሚመክረው ለ85 ዴሲብል 8 ሰዓት ነው፣ ከዛ በኋላ በየ3 ዴሲብሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ለሙዚቀኛ የተሰራ የጆሮ መሰኪያ ግዛ፣ ፎም የሆነው ሲምባሉን ይበላብሃል።

አንድ ማንም የማይነግርህ ነገር፣ በማትመታበት ጊዜ ስኔሩ ስር የተወጠረውን ሽቦ አጥፋው። ቤዙ ሲመታ ወይ ትሮምቦኑ ሲነፋ ሽቦው በራሱ "ዝዝዝ" ይላል፣ መድረክ ላይ አባትና ልጅ እየታረቁ ከስር ዝዝዝ። አጥፋ፣ ከመግባትህ በፊት አብራ፣ ሁለቱንም በእርሳስ ጻፍ፣ አለበለዚያ አንድ ማታ ስኔሩ ሳይበራ ማርሽ ትጀምራለህ።

የመጫወቻ እቃ ደሞ ብዙ ነው። የድራም መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የፐርከሽኑንም ጨምሮ ይመጣል፣ ካውቤል፣ ዉድብሎክ፣ ትራያንግል፣ ታምቡሪን፣ የንፋስ ደወል፣ ፊሽካ፣ አንዳንዴ ግሎከንሽፒል። ሁሉንም አትግዛ፣ የትምህርት ቤቱ የባንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ አቧራ ለብሶ ታገኘዋለህ። ከጎንህ ትንሽ ጠረጴዛ አድርግ፣ ወፍራም ጥቁር ፎጣ አንጥፍበት፣ እቃ ስታስቀምጥ ድምጽ እንዳይሰማ። ከዛ መጽሐፉን ይዘህ እያንዳንዱን ቅያሪ በሰዓት ሞክረው፣ ከብረሽ ወደ እስቲክ ሁለት ምት ብቻ ካለህ፣ እስቲኩን ከመጀመሪያው በብብትህ ያዝ ወይ ግማሹን በአንድ እስቲክ ምታ። ገጽ መግለጥም እንደዛው፣ ሁለት እጅህ ስራ ላይ ሆኖ ገጽ የሚያልቅበት ቦታ አለ፣ ያን ገጽ ኮፒ አድርገህ ከጎን ለጥፈው፣ ወይ አይፓድ ከሆነ በእግር የሚገለጥ ፔዳል፣ ባትሪው ሞልቶ። ልብስ ጥቁር በጥቁር፣ ጫማም ካልሲም፣ የኖታው መብራት ደሞ ወደ ታች የዞረ።

የምት አይነትን በተመለከተ። ሄር የሚባለው ሚዩዚካል በፈረንጆቹ 1968 ሮክ ይዞ ብሮድዌይ ከገባ ወዲህ የተጻፉ ብዙ ሾዎች ላይ ድራሙ እንደማንኛውም ባንድ ነው፣ ቶሎ ትለምደዋለህ። የሚያስቸግርህ የድሮዎቹ ናቸው፣ በሁለት የሚቆጠረው ፈጣን ምት፣ በብረሽ የሚመታ ስዊንግ፣ ሶፍት ሹ፣ ዋልትዝ፣ ቻርልስተን፣ ማርሽ፣ አንዳንዴ ሁሉም አንድ ዘፈን ውስጥ። ብረሹን ቀደም ብለህ ጀምር፣ እሱ በሳምንት አይመጣም። በአንጻሩ እኛን የሚጠቅመን ቦታ አለ። በ1957 የተከፈተው ዌስት ሳይድ ስቶሪ ውስጥ አሜሪካ የሚለው ዘፈን አንድ ባር 6/8 አንድ ባር 3/4 እየተፈራረቀ ነው የሚሄደው፣ እዚህ ያለ ሰው በጣቱ ሲቆጥር ይጨነቃል፣ ችክችካ እየሰማ ያደገ ሰው ግን ሁለቱም ስድስት መሆናቸውን፣ አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት እንደሚከፈሉ ሳይነግሩት ይገባዋል። እንደዚህ አይነት ቦታ ስታገኝ ተደሰት፣ ብቻ ትከሻህን ያዝ።

የልምምዱ ፕሮግራም አጭር ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ተዋናዮቹ ወራት ሲለማመዱ ቆይተዋል፣ ባንዱ ግን ብቻውን ጥቂት ጊዜ ይገናኛል፣ ከዛ ዚትስፕሮብ ይመጣል፣ ዘፋኞችና ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ፣ ተቀምጠው፣ ዳንስ የለም፣ በጣም ደስ የሚለው ቀን እሱ ነው። ከዛ ቴክ ሳምንት፣ እሱ ደስ አይልም፣ መብራትና ድምጽ እየተስተካከለ አንዲት ስምንት ባር አስር ጊዜ ትደግማለህ፣ መሃል ላይ "ሆልድ!" ይባላል፣ ሁሉም ይቆማል፣ አንተም ወዲያው እጅህን አሳርፍ፣ ሰው ሲቆም ድራም እየሞከረ የሚቀጥል ሰው ይጠላል፣ የእውነት ይጠላል። ምግብና ውሃ ያዝ። ከባር ቁጥር ነው የሚጀመረው፣ "ከ47" ሲባል ሌላው ሲያገኘው አንተ ገጽ እያገላበጥክ እንዳትገኝ።

አዳዲስ ሾዎች ላይ ክሊክ ይኖራል፣ በኮምፒውተር የተቀዳ ነገር አብሮ ስለሚሄድ በጆሮህ ሜትሮኖም ትሰማለህ። ክሊክ ባለበት ኤምዲውም አንተም ለሱ ነው የምትታዘዙት፣ ባር ከጠፋብህ አትሩጥ፣ ዝም ብለህ ሃይሃት ብቻ ያዝና ቀጣዩ ክፍል ላይ ግባ። ትናንሽ ሚክሰር ከሰጡህ ፒያኖውንና የኤምዲውን ማይክ ከፍ አድርግ፣ ከዛ ቤዝ፣ ዘፋኞቹን ቃላቸው እስኪሰማህ ያህል፣ ራስህን ዝቅ።

ክፍያ በፊት ተነጋገር፣ ስንት ልምምድ ስንት ሾው፣ ፓርኪንግ፣ እቃውን ቲያትሩ ውስጥ አስቀምጠህ መሄድ ይቻላል ወይ የሚለውን። ኮሚኒቲ ቲያትር ላይ አንዳንዴ የቤንዚን ብቻ ነው፣ ካወቅክ ግባበት፣ ካልተመቸህ እምቢ በል፣ በኋላ አፍህን አታጣምም። ብሮድዌይ ላይ በሳምንት 8 ሾው ነው፣ ሙዚቀኞቹ ሎካል 802 በሚባለው ማህበር ስር ናቸው፣ ወንበሩን የያዘው ድራመርም ቢሆን ተተኪ እየላከ ያርፋል፣ ብዙ ሰው እዛ የገባውም በተተኪነት ነው። ተተኪው መጀመሪያ መጥቶ ከድራመሩ ጎን ተቀምጦ መጽሐፉን እያየ ሾውን ይከታተላል፣ የኮንዳክተሩን ቪዲዮ ይዞ ቤቱ ይለማመዳል፣ ከዛ ያለምንም ልምምድ ገብቶ ይመታል። የሰፈር ሾው ላይም ተተኪ ሊያስፈልግህ ይችላል፣ ፋሲካ ወይ የአክስትህ ልጅ ሰርግ ከሁለተኛው ቅዳሜ ጋ ይገጥማል፣ ስለዚ ገና ስትጀምር ለኤምዲው ንገረው፣ ሰው ፈልግ፣ አንድ ማታ አጠገብህ አስቀምጠው፣ የእርሳስ ጽሁፍህ ደሞ ላንተ ብቻ ሳይሆን ለሱም የሚነበብ ይሁን፣ በአማርኛ ከጻፍከው ተተኪውም አበሻ መሆን አለበት ማለት ነው።